የኤቮራ ደጆች

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሰብለ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥታ ነበር። ከምሳ በኋላ የደብረ ማርቆስ ዝናብ አላስወጣ ብሎን በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ ስልኳን ወደ እኔ አዞረችና «አባዬ፣ ይህን ከተማ ታውቀዋለህ?» አለችኝ። የምታጠናው ሥነ ሕንፃ ነው፤ ስለ አሮጌ የአውሮፓ ከተሞች አንድ የቤት ሥራ ተሰጥቷታል። መነጽሬን ፈልጌ አደረግሁና አየሁ። አንድ ሰው ካሜራ ይዞ በጠባብ የድንጋይ መንገድ ይሄዳል። ግራና ቀኙ ኖራ የተቀቡ ነጫጭ ቤቶች ናቸው። ከግርጌያቸውና ከመስኮቶቻቸው ዙሪያ እንደ ነጠላ ጥለት ያለ ቢጫ ቀለም ዞሯቸዋል። ገና ስሙ ሳይጠራ ልቤ አወቀው።

«ኤቮራ ነው» አልኋት። «ፖርቱጋል።»

ካሜራ የያዘው ሰው ዳገቱን ወጥቶ ከትልቁ ካቴድራል ደጅ ደረሰ። ሁለት ማማ አለው፤ የአንዱ ጫፍ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። በበሩ ግራና ቀኝ ሐዋርያት ከእብነ በረድ ተቀርጸው ቆመዋል። ጴጥሮስን ከነቁልፉ፣ ጳውሎስን ከነሰይፉ፣ የሌሎቹንም የልብሳቸውን እጥፋት ሳይቀር እንደ ጎረቤት ሰው አውቃቸዋለሁ። ከዚያ ሰውዬው ደጁን አልፎ ገባ። ውስጡ ረጅም፣ ቀዝቃዛ፣ ከፍ ያለ ነው፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ነጭ የኖራ መስመር ጣራው ድረስ ይወጣል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ምነው? እዚያ ተምረህ የለም እንዴ? ይኼን አላየኸውም?»

«ደጁ ድረስ ነበርሁ» አልኋት።

ሰብለ ቀሪውን ጠበቀች። የዛሬ ልጆች አባታቸውን አንተ ብለው እንደ ልባቸው ይጠይቃሉ፤ ጥሩ ነገር ነው። እኔ ግን ያን ዕለት መናገር አቃተኝና ዝናቡ አባርቷል ብዬ ተነሣሁ። ዝናቡ አላባራም ነበር። ያልነገርኋትን እነሆ ዛሬ እጽፈዋለሁ።

ያን ጊዜ ገና ወጣት ነበርሁ። ከኮሌጅ ወጥቼ እዚሁ ደብረ ማርቆስ በአንድ የሕንፃ ሥራ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ድንጋይና ጭቃ ስለካ እውላለሁ። አሮጌ የድንጋይ ቤቶች ስለሚጠገኑበት ሙያ የሚሰጥ ሥልጠና መጣ ተባለና ዕጣው ለእኔ ወጣ። አገሩ ፖርቱጋል፣ ከተማው ኤቮራ። ካርታ ላይ ፈልጌ ሳገኘው ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ግን ሳልሄድ መሰናበት ነበረብኝ፤ አባቴ ደብረ ወርቅ ነበር።

አባቴ መሪጌታ ልሳነ ወርቅ የቅኔ መምህር ነበር። እናቴ በሕፃንነቴ ስላረፈች ፊደል እንደ ቆጠርሁ ለአስኳላ ትምህርት ብሎ ደብረ ማርቆስ እኅቱ ዘንድ ላከኝ። ስለዚህ ያደግሁት በአክስቴ ቤት ነው። በየበዓሉ ደብረ ወርቅ ስሄድ ተማሪዎቹ ከጎጆዎቻቸው ሲያዜሙ እሰማለሁ፣ ጠላ ይቀርብልኛል፣ እግሩን ስሜ እመለሳለሁ። አባቴን እወደው ነበር፤ ቋንቋው ግን ሁልጊዜ ትንሽ ይርቀኝ ነበር። የሱ አማርኛ ግማሹ ከግእዝ የተቀዳ ነው። የኔ ደግሞ የትምህርት ቤትና የጎዳና አማርኛ ነበር። አንድ ነገር ሲናገር ከሥሩ ሌላ ነገር ያለ ይመስለኛል። ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ግን በእኛ ቤት አልተለመደም። ልጅ አባቱን እርስዎ ይላል፣ እሺ ይላል፣ ይወጣል።

ወሩ ግንቦት ነበር። ብቸና ድረስ በጭነት መኪና ጋቢና ሄጄ ከዚያ የተገኘውን ተሳፈርሁ። ገበሬው የመጀመሪያውን ዝናብ አይቶ መሬቱን ይገለብጣል፤ የረጠበ አፈር ሽታ በመስኮት ይገባል። አባቴን ያገኘሁት ከደጁ ካለችው ወይራ ሥር ለተማሪ ቅኔ ሲያስተምር ነው። ነገሬን ስነግረው ተማሪውን አሰናበተና አጠገቡ አስቀመጠኝ። የገብስ ቆሎ መጣልን።

«ፖርቱጋል» አለ፣ ቃሉን እንደ ቆሎው እያኘከ። «መርጡለ ማርያም ያለውን የፈረሰ ግንብ የሠሩት የዚያ አገር ሰዎች ናቸው ይባላል። በተማሪነቴ አኮፋዳዬን ይዤ ስዞር ከሥሩ አድሬ አውቃለሁ። ድንጋዩ ላይ አበባ ፈልፍለውበታል፤ እንደ ጥልፍ። ጣራው ግን የለም። ያን ያህል ሰፊ ቤት ያለ ምሰሶ ጣራው በምን ቆሞ ይሆን እያልሁ እንቅልፍ አጥቼ አድሬያለሁ። እስከ ዛሬም አልተመለሰልኝም።»

«እኔ አይቼ እነግርዎታለሁ፣ አባ።»

«ሁሉንም እይልኝ። እንዴት እንደሚኖሩ፣ እንዴት እንደሚያለቅሱ፣ እንዴት እንደሚሠሩ። ተመልሰህ ትነግረኛለህ።» ከዚያ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። «ብቻ አደራህን፣ ከመቅደሳቸው እንዳትገባ።»

«እሺ፣ አልገባም» አልሁ። መስቀሉን አሳለመኝ፤ መረቀኝ።

አክስቴ የፖርቱጋል ሰዎች ስላስነሡት የጥንት የሃይማኖት ጠብ፣ ሰው ሃይማኖትህን ለውጥ ተብሎ አንገቱን ስለሰጠበት ዘመን፣ ትላንት የሆነ ያህል እያደረገች ትነግረኝ ስለነበር የአባቴ ቃል ከዚያ ጋር ገጠመልኝ። ቤተ ክርስቲያናቸው እንዳትገባ ማለቱ ነው ብዬ ቋጠርሁት። ደግሜ አላሰብሁበትም።

ኤቮራ ስደርስ እኛ ዘንድ ክረምት ሊገባ ሲያንዣብብ እዚያ በጋው ይጀምር ነበር። ሠልጣኞቹን በየሰው ቤት አሳደሩን፤ እኔን ከአንድ አረጋውያን ባልና ሚስት ዘንድ። ሴትዮዋ ዶና ሮዛ ይባላሉ፤ ዶና ማለት እንደ እኛ እትዬ ነው። ባላቸው ሴኞር ዡዋኪም ከባቡር ሥራ በጡረታ የወጡ፣ አጭር፣ ጆሮ ግንዳቸው ላይ ባርኔጣ የሚደፉ ሰው ነበሩ። ቤታቸው በጥንት ጊዜ ውሃ ከሩቅ ይመጣበት ከነበረ ረጅም የድንጋይ ድልድይ ሥር ናት። ድልድዩ በቅስት በቅስት ሆኖ ከተማው ውስጥ ይገባል። ሰዎቹ በየቅስቱ ሥር በሩንና መስኮቱን አስገብተው ቤት አድርገውታል። የተኛሁበት ክፍል አንዱ ግድግዳ የድልድዩ እግር ነበር። በሐምሌ ቀትር፣ ውጭው እንደ ምድጃ ሲግል፣ ፊቴን እሱ ላይ አስደግፌ እቀዘቅዝ ነበር። የቾቄ ተራራ በዚያ ሰዓት ጉም ለብሶ በረዶ ይጥላል እያልሁ።

ከተማው በዚያ ቀትር ይሞታል። መዝጊያው ሁሉ ይዘጋል፤ ድመት እንኳ አይንቀሳቀስም። ወደ ማታ ሲበርድ አሮጊቶቹ ወንበራቸውን ከደጅ ያወጣሉ፤ ያን ጊዜ ሴኞር ዡዋኪም ባርኔጣቸውን ያነሡና «ሲማው!» ብለው ይጠሩኛል። ስሜነህ ማለት አልሆነላቸውም። ሲማው የነሱ ስምዖን ነው።

እንዞራለን። ቋንቋ የለንም፤ የኔ ፖርቱጋልኛ ዳቦ ለመግዣ ያህል ነው፣ የሳቸው እንግሊዝኛ ደግሞ ከናካቴው የለም። ግን ሰው ከተማውን ሲወድ በእጁ ይናገራል። የጥንት ሮማውያን ያቆሟቸውን ዓምዶች አሳዩኝ፤ ከዚያ ሕንፃ ውስጥ በኋላ ዘመን ሥጋ ይሸጥበት እንደነበር ለማስረዳት በእጃቸው ቢላ ሠርተው የራሳቸውን ጭን ቆረጡ። ሴቶች በየዓመቱ የቤታቸውን ግድግዳ ኖራ ሲቀቡ አቁመው አሳዩኝ። ኖራው በዓመት በዓመቱ እየተደራረበ የግድግዳው ማዕዘን ሁሉ እንደ ዳቦ ቅርፊት ክብ ሆኗል። አንድ እሑድ ዶና ሮዛ ለኔም ብሩሽ ሰጡኝ። ቀኑን ሙሉ ስንቀባ ዋልን፤ ፀጉሬ ላይ የፈሰሰውን ኖራ አይተው «አሁን የዚህ አገር ሽማግሌ ሆንህ» አሉኝ። ይህን የተረጎመችልን ልጃቸው ሉዊዛ ናት። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበረችና እሑድ እሑድ ስትመጣ የሳምንቱን ወሬ ታራግፍልናለች። አንድ ወንድም አላት፤ ፈረንሳይ አገር ግንበኛ ነው።

ምግባቸውን ወደድሁት። የደረቀ ዳቦ በነጭ ሽንኩርት፣ በወይራ ዘይትና በድምብላል ቅጠል ያጣፍጡና የፈላ ውሃ አፍስሰው እንቁላል ይጥሉበታል። የድሀ ምግብ ነው ይላሉ። እኔ ግን ሽታው ሲመጣ ከሥልጠናው ቤት እየሮጥሁ ነበር የምመጣ። በጾም ቀን እንቁላሉን ሳስወጣ ዶና ሮዛ ዓይናቸውን አፍጥጠው አዩኝ፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲሆን ግን ሳልናገር ያለ እንቁላል ያቀርቡልኝ ጀመር።

ወንዶቹ ደግሞ ማታ ማታ መጠጥ ቤት ደጅ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይዘፍናሉ። መሣሪያ የለም፤ ከበሮ የለም። አንዱ ብቻውን ይጀምራል፣ ሌላው ከፍ አድርጎ ይቀበለዋል፣ ከዚያ ሁሉም በዝግታ፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ ይከተላሉ። የአባቴን ማኅሌት ያየሁ መሰለኝ። መቋሚያው ብቻ ነው የጎደለ።

አብያተ ክርስቲያናቱ ጋ ስንደርስ ግን ነገር ይመጣል።

መጀመሪያ ቀን ከካቴድራሉ ደጅ ስንደርስ ሴኞር ዡዋኪም ባርኔጣቸውን አውልቀው «ና» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ሙስሊም ነህ እንዴ በሚል ዓይን አዩኝ። የአንገቴን ማተብ አውጥቼ አሳየኋቸው። የሳቸውን መስቀል ከሸሚዛቸው ሥር አውጥተው ከኔ አጠገብ አደረጉና ትከሻቸውን ሰበቁ፤ «ታዲያ?» እንደ ማለት። ምን ልበላቸው? ብቻቸውን ገቡ። ሲወጡ ከደረጃው ላይ አስቀመጡኝና ያዩትን በእጃቸው ይሠሩልኝ ጀመር። ሁለት እጃቸውን አንሥተው ጣቶቻቸውን ከላይ አቆላለፉ፤ ጣራው እንዲህ ነው ማለታቸው ነው። ምሰሶ የለውም? ብዬ በእጄ ጠየቅሁ። በግራና ቀኝ የቆሙትን ዓምዶች በክርናቸው አሳዩኝ። ክርናቸውን ገፋ ገፋ አደረግሁት፤ አልናድ አለኝ። ተሳሳቅን።

የበጋው ልማዳችን ይህ ሆነ። የከተማውን ቤተ ክርስቲያን ሁሉ በሴኞር ዡዋኪም እጅ አየሁት። ግድግዳው ከሰው አጥንት የተሠራ አንድ ጸሎት ቤት አላቸው፤ ከመግቢያው በላይ አጥንቶቹ የእኛን አጥንት እንደሚጠብቁ ተጽፎበታል። ከዚያ ሲወጡ ቅልጥማቸውንና የራስ ቅላቸውን በጣታቸው እየመቱ ነገሩኝ። በየጊዜው ስንለያይ «አማኛ» ይሉኛል። በነሱ ቋንቋ ነገ ማለት ነው። ነገ ትገባለህ። እኔ ደግሞ በአማርኛ አማኝ ነህ ያሉኝ ይመስለኝና ደስ ይለኛል። አንድም ቀን ግን ለምን እንደማልገባ በሉዊዛ በኩል አላስረዳኋቸውም። ያባቴን ቃል ለባዕድ መተርጎም የሚያቃልለው መሰለኝ።

ጥቅምት አልፎ ዝናቡ ጀመረ። ካስታኛ የሚሉትን የዛፍ ፍሬ በየአደባባዩ በከሰል መጥበስ ጀመሩ፤ ጭሱ መንገዱን ይሞላዋል፤ ፍሬው ከጋለው ቅርፊት ሲወጣ እንደ ስኳር ድንች ይላል። ሴኞር ዡዋኪም ገዝተው ኪሴ ውስጥ ይከቱልኛል፤ እጅህን አሙቅበት ብለው። አንድ ማለዳ ግን ሲቀሰቅሱኝ የምሰማውን «ሲማው!» አልሰማሁም። ዶና ሮዛ ከክፍላቸው ወጥተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ሴኞር ዡዋኪም በእንቅልፋቸው አርፈው ነበር።

የነሱ ለቅሶ ዝም ያለ ነው። ሙሾ የለም፣ ደረት አይመታም። የሟቹ ፎቶግራፍ ያለበት ትንሽ ወረቀት በየግድግዳው ይለጠፋል፤ ደወል ቀስ ብሎ ይደወላል፤ ሴቷ ጥቁር ትለብሳለች፣ ያን ጥቁር ብዙዎቹ እስኪሞቱ አያወልቁትም። ለቀስተኛው እጅ ጨብጦ ይቀመጣል። እኔ ወጥቼ ማልቀስ ፈለግሁ፤ ድምፅ ማውጣት ነውር መሰለኝና የድልድዩን ግድግዳ ይዤ አለቀስሁ።

በማግስቱ ሉዊዛ ጠራችኝ። ዓይኗ አብጧል።

«ወንድሜ ዛሬ አይደርስም» አለችኝ። «ሳጥኑን የሚሸከሙት ጎረቤቶች ናቸው። ከፊት በቀኝ በኩል ያለው የልጅ ቦታ ነው። እናቴ በሱ ፈንታ ሲማው ይያዝልኝ ብላለች።»

«እሺ» አልሁ። ምን ሌላ ይባላል? በጎጃም የበላበትን ቤት ሬሳ የማይሸከም ሰው የለም።

ተሸከምሁ። ካፊያ ነበር። መንገዱ ድንጋይ ነው፤ ያሟልጫል። ከበስተግራዬ የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ ፈርጣማ ሰው፤ ጠዋት ጠዋት ትኩስ ዳቦ ሲሰጠኝ የሚቀልድ። እያንዳንዱን እርምጃ ከሱ ጋር እያስተካከልሁ ስሄድ ሴኞር ዡዋኪምን ራሳቸውን ደግፌ ዳገት የማወጣቸው ይመስለኝ ነበር። ወደ መካነ መቃብሩ እንሄዳለን ብዬ ነበር ያሰብሁት። ጠምዘዝ ስንል ግን የሰፈሩ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ከፊታችን ተከፈተ። ሁለቱ መዝጊያዎች ወዲያና ወዲህ ተይዘዋል፤ ካህኑ ከውስጥ ቆሟል፤ ሻማ በርቷል። የኛም ሙታን መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገቡ እያወቅሁ እንዴት እንዳላሰብሁት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ደፉ ላይ ስደርስ እግሬ ቆመ። እኔ ሳቆመው አይደለም፤ ቆመ። አባቴ ክንዴን የያዘኝ እጁ ተሰማኝ። ሳጥኑ ወደ ቀኝ አዘመመ። ከኋላ አንዱ ጮኸ። ዳቦ ጋጋሪው በአንድ እጁ የራሱን፣ በሌላው የኔን ጎን ይዞ ቀና አደረገው። ዞሮ አየኝ። «ግባ!» አለኝ በቋንቋው፤ ያን ያህሉ ገብቶኛል። ራሴን ነቀነቅሁ። ከኋላ አንድ ሰው ሮጦ መጣ፤ ትከሻዬን ከሳጥኑ ሥር አወጣሁ። ገቡ። ዶና ሮዛ በአጠገቤ አለፉ፤ ጥቁር ሻሻቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው ነበርና ያዩኝ አያዩኝ አላውቅም። መዝጊያው ተዘጋ።

ከደጅ ቆምሁ። አደባባዩ ላይ ካስታኛ የሚጠብሰው ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ በዝናቡ ቆሟል። እሱ ከእሳቱ መራቅ ስላልቻለ ነው፤ የኔን ምክንያት ማን ያውቃል? ከውስጥ ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉን አላውቀውም፤ ጸሎት መሆኑን ግን ማንም ያውቃል። አባታችን ሆይን በግእዝ ጀመርሁ፤ ደጋግሜ ከመካከሉ ይጠፋኛል።

ሲወጡ ቦታዬን ልይዝ ቀረብሁ። ዳቦ ጋጋሪው አልለቀቀልኝም፤ ክርኑን ዘረጋና አገደኝ። ከለቀስተኛው ኋላ ሆኜ ተከተልሁ።

ማታ ዶና ሮዛ ያንኑ የዳቦ ሾርባ አቀረቡልኝ። ዓርብ ነበርና ያለ እንቁላል ነው። በዚያ ቀን እንኳ አልረሱም። ሉዊዛ ከመካከላችን ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነው ማስረዳት የጀመርሁ፤ አባቴ ካህን ነው፣ እንዳልገባ አደራ ብሎኛል፣ ቃል ሰጥቻለሁ አልሁ። ሉዊዛ ተረጎመች። ዶና ሮዛ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሉዊዛ መተርጎሙ ከበዳት።

«ምን አሉ?»

«አባትህ አገር ሰው አይሞትም ወይ፣ ነው የምትል።»

ዶና ሮዛ ቀጠሉ። «ዡዋኪም አንድ ቀን ከሲማው ጋር እገባለሁ ይል ነበር። ዛሬ ቀኑ መስሎኝ ነበር» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ተነሥተው ሳህኔን አነሡ።

ሥልጠናው ሲያልቅ ዳቦና አይብ ቋጥረው ሰጡኝ፤ እንደ ልማዳቸው ጉንጬን ስመው ሸኙኝ። ሌሎቹ ሠልጣኞች ካደሩበት ቤት ሲወጡ ሁሉም «ተመለስ፣ ቤትህ ነው» ሲባሉ ሰምቻለሁ። እኔን አላሉኝም።

ደብረ ወርቅ የደረስሁት በታኅሣሥ ነው። ጤፉ ታጭዶ በየአውድማው ይበራያል። አባቴ መቋሚያውን ይዞ ከደጅ ቆሞ ነበር። እህል ሳልቀምስ ጀመረ።

«በል ንገረኝ።»

ነገርሁት። ስለ ኖራው፣ ስለ ዓምዶቹ፣ ከድልድይ ሥር ስለሚኖረው ሰው፣ ወንዶቹ ትከሻ ገጥመው ስለሚያዜሙት። ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፤ ይሥቃል፤ «ወይ ጉድ» ይላል። ሐዋርያቱን አንድ በአንድ ገለጽሁለት።

«ደጁን አየሁት፤ የቆምሁበት መሰለኝ። ውስጡስ? ጣራው በምን ቆሟል?»

«አልገባሁም፣ አባ።»

«የቱ ጋ?»

«የትም።»

ዓይኑን ገለጠ። «ለምን?»

«እርስዎ ከመቅደሳቸው እንዳትገባ ብለውኝ የለም?»

እስከ ዛሬ ያን ፊቱን አልረሳውም። መጀመሪያ የሚስቅ መሰለኝ። ከዚያ መቋሚያውን ጉልበቱ ላይ አጋደመና ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ፤

«መቅደስማ እዚህስ ማን ያስገባሃል?»

ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። የኛ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ክፍል አለው። ቅኔ ማኅሌት ይዘመርበታል፣ በቅድስት ሰው ይቆርባል፣ ታቦቱ ያለበት መቅደስ ግን ለካህናት ብቻ ነው። አባቴ መቅደስ ሲል ያን ማለቱ ነበር። ከመሠዊያቸው አትቅረብ፣ አትቁረብ ማለቱ ነበር። እንደ ማንኛውም ምእመን ከደጁ አልፌ፣ ከወዲህ ቆሜ፣ ቀና ብዬ ጣራውን አይቼ እንድነግረው ነበር የላከኝ። የቅኔ መምህር ስለሆነ ንግግሩ ሁሉ ሰምና ወርቅ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን የተናገረው ግን እንዳለ ነበር፤ ምንም የተሸሸገ አልነበረውም።

የሴኞር ዡዋኪምን ነገር መደበቅ አልቻልሁም። ሁሉንም ነገርሁት፤ ሳጥኑን፣ ደፉን፣ ዳቦ ጋጋሪውን፣ ዶና ሮዛ ያሉትን። አባቴ እጁን ከጥምጥሙ ላይ ጫነ።

«የበላህበትን ቤት ሬሳ ከደጅ ለቀቅኸው?»

«ለሰው ነው ያስያዝሁት...»

«ያው ነው፣ ልጄ። ያው ነው።» ተማሪዎቹ ከጎጆዎቹ ይሰማሉ። «ስሙ ማን ነበር አልኸኝ?»

«ዡዋኪም።»

«ድገመው።»

ደገምሁለት። ቃሉን በከንፈሩ አዟዟረው፤ ድንገት ቀና አለ። «ኢያቄም ነዋ!» አለ። «የእመቤታችን አባት፣ ኢያቄም!»

በጋውን ሙሉ የጠራሁት ስም ነበር። በእኛ ቤት የኢያቄምና የሐና ስም ሳይነሣ የሚያልፍ በዓል የለም። አንድም ቀን ጆሮዬ አልነገረኝም።

አባቴ ተነሣ፤ ነጠላውን አደገደገና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ሲመለስ «ሥርዓቱን አላውቅም፤ የሌላ ሃይማኖት ሰው ነው። ለብቻዬ ግን ስሙን ጠራሁለት» አለኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ለከተማ ልጅ በካህን ቋንቋ ተናገርሁ።» የኔ ነው ልለው ፈለግሁ፤ አባት ሲናገር አይቋረጥምና ዝም አልሁ። ከዚያ ወዲያ እስኪያርፍ ድረስ ስለዚያች ከተማ አንሥቶ አልጠየቀኝም። ስለ ጣራው የሴኞር ዡዋኪምን የተቆላለፉ ጣቶች እንኳ ሳላሳየው ቀረሁ። ላሳየው እጄን ያነሣሁባቸው ቀናት ነበሩ፤ ፊቱን ሳይ አወርደዋለሁ።

ለሉዊዛ በእንግሊዝኛ ጻፍሁላት፤ አባቴ እንዳልገባ እንዳልከለከለኝ፣ ቃሉን እንዳልተረዳሁት። መልስ አልመጣም። ደርሷት ይሁን አይሁን አላውቅም። በዚያን ጊዜ ወዲያም ወዲህም ደብዳቤ ይጠፋ ነበር። ዶና ሮዛ ዛሬ በሕይወት እንደማይኖሩ ዕድሜያቸው ይነግረኛል። እኔን ምን ብለው እያሰቡ እንደሄዱ ግን የሚነግረኝ የለም።

ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ያን የግንቦት ቀን ከወይራዋ ሥር አንዲት ጥያቄ ብቻ ትበቃኝ ነበር፤ «አባ፣ መቅደስ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?» የምትል። ወይም በኤቮራ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ሳለ ሉዊዛን ጠርቼ፣ አባቴ እንዲህ ብሎኛል፣ እናንተ ምን ትላላችሁ ብዬ ቢሆን፣ እነዚያ ሽማግሌ እጃቸውን አንሥተው የሚያስረዱበት መንገድ አያጡም ነበር። አደራ መጠበቅ ትልቅ ነገር ነው ተብዬ አደግሁ፤ እውነትም ነው። ያልተባለውን አደራ መጠበቅ ግን ማንንም እንደማይጠቅም የሚያስተምር አላገኘሁም። አባቴ የጓጓለትን አጣ፣ ዶና ሮዛ የልጅ ቦታ የሰጡትን ሰው አጡ፣ እኔ ሁለቱንም አጣሁ።

አሁን የዘመድና የጎረቤት ልጆች ሩቅ አገር ሊሄዱ ሲሉ ስመው ሊሰናበቱኝ ይመጣሉ። እመርቃቸዋለሁ፣ እንደ ሽማግሌ ወግ አንድ ሁለት ምክር እሰጣለሁ። ከዚያ እጃቸውን ሳልለቅ «በል፣ ምን አልሁህ? መልሰህ ንገረኝ» እላቸዋለሁ። ይነግሩኛል። ያላልሁትን ሲነግሩኝ አስቀምጣቸዋለሁና እንደገና እጀምራለሁ። ሲወጡ ደጅ ላይ ሲሳሳቁ ይሰማኛል፤ ጋሼ ስሜነህ አርጅተዋል፣ የተናገሩትን ይረሳሉ ይባባላሉ።